ልጆችን ይዞ ከጎንደር ጭላዳ ለማየት፦ የአንድ ቀን ጉዞ ከዋዜማው እስከ ማታ

ፋሲል ግቢ የገባ ልጅ የአንበሳውን ቤት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አንበሳውስ?» ብሎ ነው። አንበሳው የለም፤ የቀረው ባዶ ቤቱ ነው። ልጅ ማየት የሚፈልገው ደግሞ የሚንቀሳቀስ፣ የሚበላ፣ የሚጣላ፣ ግልገሉን ያዘለ እንስሳ ነው። እንዲህ ያለው እንስሳ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከደባርቅ በላይ ይገኛል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳ የሚባለው ዝንጀሮ ያለ አጥርና ያለ ፍርግርግ ሣሩን እየነጨ ይውላል።

መመሪያው ለአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሆን ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ የምታዩት እንስሳ አንድ ይሁን። ዋልያውንም፣ ቀይ ቀበሮውንም፣ የጅንባርን ፏፏቴም፣ በፓርኩ ውስጥ ራቅ ብሎ ያለውን ጨነቅንም በአንድ ቀን ልድረስ ያለ ቤተሰብ ቀኑን መኪና ውስጥ ይጨርሰዋል። ዋልያ ገደል ለገደል የሚውል፣ አብዛኛውን ጊዜ በጨነቅ በኩል የሚታይ እንስሳ ስለሆነ ለልጅ ቃል አትግቡበት። ጭላዳ ግን በመንጋ ሜዳ ላይ ይውላል፣ ሰው ለምዷል፣ ቁጭ ብለው ከጠበቁትም አጠገብ ድረስ ይመጣል። የቀኑ እቅድ በሙሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ከጭላዳ ጋር ቁጭ ለማለት የሚሠራ ነው።

ቀኑን መምረጥ

የሚመረጠው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ ሣሩ ገና እርጥብ ነው፣ አየሩ ጥርት ያለ ስለሆነ ገደሉ እስከ ቆላው ድረስ ይታያል። ከጥር በኋላ ሣሩ ይደርቃል፤ ጭላዳዎቹ አይጠፉም፣ ግን መሬቱን በጣታቸው እየቆፈሩ ሥር ሲበሉ ታገኟቸዋላችሁ። ይህም ለልጅ የሚያስደስት ትዕይንት ነው፤ ብቻ አቧራው ስለሚበዛ አስም ያለበት ልጅ ይቸገራል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ አትሂዱ። ጭጋጉ ሲወርድ አሥር ሜትር ላይ ያለ መንጋ አይታይም፣ ከደባርቅ በላይ ያለው ኮረኮንችም ጭቃ ይሆናል።

የጥምቀት ሰሞንም ይቅር። ጎንደር በእንግዳ ይሞላል፣ ኮንትራት መኪና በተገቢ ዋጋ አይገኝም።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። የሚጠየቁት ሁለት ናቸው፦ በዚያው ዕለት ከደባርቅ የመጣ ሹፌር (መናኸሪያ አይጠፋም) እና ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት። አንዳቸው እንኳ ካመነቱ ጉዞው ይተላለፍ። ለብቻ ሲሆን «እስቲ እንሞክረው» ይባል ይሆናል፤ ልጅ ተይዞ ግን አይሞከርም። በምትኩ ወደ ግማሽ መንገድ እንኳ የማትደርሰውን ኮሶዬን ጎብኙ። ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ ከአፋፉ ላይ ቆላው ወለል ብሎ ይታያል፣ አንዳንዴ ጭላዳም ይገኛል። እሱም ካልሆነ ፋሲል ግቢ አለ፤ ልጆቹን ስለ ባዶው የአንበሳ ቤት አዘጋጅታችሁ ግቡ።

መኪናው

በሕዝብ ሚኒባስ ደባርቅ መድረስ ይቻላል፤ ግን እዚያ ወርዳችሁ ወደ ፓርኩ የሚያስገባ ሌላ መኪና መፈለግ ሊኖርባችሁ ነው። ጠዋቱ በዚያ ያልቃል፣ የመመለሻው ሰዓትም ከእጃችሁ ይወጣል። ልጅ ላለው ሰው ኮንትራት ይሻላል።

ከሹፌሩ ጋር ስትስማሙ የሚከተሉትን ሁሉ አንድ በአንድ በቃል ተናገሩ፦ ጎንደር፣ ደባርቅ፣ ቡይት ራስ (ፓርኩ ውስጥ ጭላዳው የሚታይበት ሜዳ)፣ ሳንቃበር (ከዚያ በላይ ያለው የምሳ ቦታ)፣ መልስ፣ የሚቆምበት ሰዓት ሁሉ፣ ነዳጅ በማን እንደሆነ። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሳው «ደባርቅ» ተብሎ ብቻ ተዋውሎ፣ ደባርቅ ሲደረስ «ወደ ውስጥ ከሆነ ሌላ ሂሳብ ነው» ሲባል ነው። ሹፌሩም አልተሳሳተም፤ ከደባርቅ በላይ ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው፣ መኪና ይጎዳል፣ ዋጋውም ይለያል። አስቀድሞ ከተነገረው ይስማማል።

በዋዜማው መኪናውን በዓይናችሁ እዩ። ስኮርታ ጎማው ንፋስ አለው? ክሪኩ አለ? ፍሬኑ ሲረገጥ ይጮኻል? ሆዱ ዝቅ ያለች ትንሽ መኪና በበጋ ቡይት ራስ ድረስ ቀስ ብላ ትደርስ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ግን ድንጋይ ይመታታል። ነዳጅ ከጎንደር ሙሉ ይቀዳ፤ ደባርቅ ላይ እንቀዳለን ብላችሁ አትመኩ። ሌላው ደግሞ ወንበር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ወንበር ይኑረው። ሕፃን አቅፎ ጋቢና መቀመጥ ፍሬን ሲያዝ ሕፃኑን መስታወቱ ላይ መጣል ነው።

የሚያዝ ዕቃ

ለሁለት አዋቂና ለሦስት ልጅ የሚበቃው ይህን ያህል ነው።

ውኃ 7 ሊትር። ለአዋቂ 2 ሊትር፣ ለልጅ 1 ሊትር፤ እላይ አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ ልጅ ጥማቱ አይታወቀውም፣ ስለዚህ ሳይጠይቅ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት አጠጡት። ሻይ በፔርሙስ፣ ስኳሩ ጠንከር ያለ። ዳቦ 8፣ የተቀቀለ ድንች አንድ ኪሎ፣ ቆሎ ግማሽ ኪሎ፣ ብርቱካን 10። የፍስክ ቀን ከሆነ የተቀቀለ እንቁላል 10። ወጥ አይያዝ፦ ኮረኮንቹ ላይ ይደፋል፣ ሽታው ከመኪናው አይለቅም፣ ሆዱ የተረበሸውን ልጅ ያስመልሰዋል።

ልብስ በተደራቢነት። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቡይት ራስና ሳንቃበር ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ናቸው። ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ ካናቴራ፣ ሹራብ፣ ጃኬት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና ወፍራም ካልሲ። ጋቢ ለሁለት ልጅ አንድ፤ ጠዋት ይለበሳል፣ ቀን ይነጠፋል፣ ማታ ተኝተው ይሸፈኑበታል። ጫማው የተፈተነ ስኒከር ይሁን። ለበዓል የተገዛ አዲስ ጫማ ከተደረገ ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጁን ተሸክማችሁ ነው የምትሄዱት። ለከንፈር ቫዝሊን፣ ለፊት የፀሐይ መከላከያ ክሬም።

ከዚህ ሌላ፦ ሶፍት፣ አንድ ሙሉ ሳሙና፣ ለትንሹ ልጅ ቅያሪ ሱሪ፣ ለሚያስመልሰው ፌስታል፣ ለቆሻሻ ሌላ ፌስታል፣ ኦ.አር.ኤስ (ለሚያስቀምጠውና ለሚያስመልሰው ልጅ በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት) ሁለት ፓኬት፣ የአዋቂዎቹ መታወቂያ። የርቀት መነጽር ካላችሁ ያዙ፤ ከሌለም አትጨነቁ፣ ጭላዳ ያለ መነጽር የሚታይ እንስሳ ነው።

ጉዞው

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሡ። ከዚያ ከዘገያችሁ መመለሻው ይመሻል፣ ማታ ደግሞ በዚያ መንገድ አይነዳም። ቁርስ ደረቅ ዳቦ በሻይ ይበቃል። ወተትና ዘይት የበዛበት ፍርፍር ለልጅ አትስጡ፤ ከወለቃ በኋላ መንገዱ ዳገትና ጥምዝ ስለሆነ ከኮሶዬ በፊት ይወጣል።

ኮሶዬ ላይ 15 ደቂቃ ቁሙ። ልጆቹ ይውረዱ፣ ሽንት ይሽኑ፣ ንፋስ ይምታቸው። ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ፣ ገደብዬ፣ ዳባት፣ ደባርቅ። ከብትና አህያ መንገዱን ስለሚሞላው፣ በተለይ የገበያ ቀን ሲሆን፣ ሹፌሩን አታቻኩሉት። እስከ ደባርቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ቁጠሩለት፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ትደርሳላችሁ።

ደባርቅ ላይ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቡ። የመግቢያው ክፍያ እዚያ ይፈጸማል፣ የኢትዮጵያዊና የውጭ አገር ሰው ዋጋ ስለሚለያይ መታወቂያችሁን አቅርቡ፣ ደረሰኙን አትጣሉ፤ በር ላይ ይጠየቃል። መሣሪያ የያዘ ስካውት፣ ማለትም የሚያጅባችሁ ጠባቂ፣ ይመደብላችኋል። ያለ ስካውት አይገባም። ስካውት የሚቀመጥበትን ወንበር ከጎንደር ስትነሡ አስባችሁ መኪናውን ምረጡ፤ ይህ ተረስቶ ልጅ በልጅ ላይ ተደራርቦ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይታያል። አስጎብኚ ለአንድ ቀን እምብዛም አያስፈልግም፤ ስካውቱ መንጋው ትናንት የት እንዳደረ ያውቃል። ልጆቹ «ጋሼ» ብለው ይጥሩት፣ አብሯችሁ ምሳ ይብላ፣ ስለ ክፍያው መጀመሪያውኑ ተነጋገሩ።

ወደ ላይ ስትወጡ ልጆቹ ጆሮዬን ካሉ ውኃ ይዋጡ ወይም ቆሎ ያኝኩ።

ጭላዳውን ማየት

ጭላዳ የሚያድረው ገደል ውስጥ ነው። ጅብና ነብር የማይደርስበት ጠርዝ ላይ ተጠጋግቶ ያድርና ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ 3 ሰዓት አካባቢ ቡይት ራስ ከደረሳችሁ ልክ በሰዓቱ ናችሁ፦ ወጥቷል፣ ገና ርቦታል፣ አንድ ቦታ ላይ ረግቶ ይበላል። በጣም ማልዶ የደረሰ ሰው ባዶ ሜዳ አይቶ «የሉም» ብሎ ወደ ላይ ያልፋል።

መኪናውን ከመንጋው መቶ ሜትር ያህል አርቃችሁ አቁሙ። ሙዚቃ ይጥፋ፣ በር ቀስ ተብሎ ይዘጋ። ምግብ በሙሉ መኪና ውስጥ ይቅር፤ በልጅ ኪስ ያለ ቆሎም ቢሆን ይራገፍ። ከመውረዳችሁ በፊት ለልጆቹ ሦስት ነገር ንገሯቸው፦ አንሮጥም፣ አንጮኽም፣ እጃችንን ወደ እነሱ አንዘረጋም። ከገጠር ዘመድ ዘንድ ክረምት የከረመ ልጅ ካለ አራተኛም ይጨመራል፦ ድንጋይ አናነሣም። እዚያ ሰብል ሲጠብቅ ዝንጀሮ በወንጭፍ ማባረርን ሥራ ብሎ ነው የተማረው። ጥፋት የለበትም፣ ግን እጁ ወደ ድንጋይ ዝቅ ሲል ብቻ እንኳ መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ይጠፋል።

ወደ መንጋው ቀጥ ብላችሁ አትሂዱ። ስካውቱን አስቀድማችሁ፣ በጎን በኩል ዞራችሁ፣ ሃያ ሜትር ሲቀር ጋቢውን አንጥፋችሁ ቁጭ በሉ። ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ነጥብ ነው። የቆመና የሚከተል ሰው ያሳድዳቸዋል፣ እነሱም እየበሉ ቀስ ቀስ እያሉ ይሸሻሉ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ አፋፉ ላይ ናቸው። የተቀመጠን ሰው ግን ይረሱታል። አሥር ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ራሳቸው እየነጩ ይጠጋሉ፤ አምስት ስድስት ሜትር ከደረሱ አትንቀሳቀሱ፣ ከዚያ በታች ከመጡ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ።

ያን ጊዜ ልጆቹን ዝም በሉና አዳምጡ በሏቸው። ሣር ሲነጭ ይሰማል። ጭላዳ ከሚበላው ዘጠና ከመቶ ያህሉ ሣር ነው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አንድ አንድ ዘለላ እየቀነጠሰ መዳፉን ይሞላና ወደ አፉ ይልካል፤ ሁለቱም እጆቹ ሳያቋርጡ ይሠራሉ። ለመሄድ አይነሣም፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ሣር ይሻገራል። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚለውን ተረት የሚያውቅ ልጅ ተረቱ ከየት እንደመጣ እዚያው ያየዋል፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚበላ እንስሳ መቀመጫ ላይ የገባ እሾህ ቀልድ አይደለም።

ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ፀጉር የለሽ ቆዳ አሳዩአቸው። ወንዱም ሴቷም አላቸው፤ ሴቷ ላይ አንዳንድ ጊዜ ዳር ዳሩን እንደ ጨሌ የተደረደሩ እብጠቶች ይታያሉ። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ሌሎች ዝንጀሮዎች በመቀመጫቸው የሚያሳዩትን ምልክት ጭላዳ ሁሌ ተቀምጦ ስለሚውል በደረቱ ያሳየዋል ይላሉ። ትከሻው ላይ ጋማ የተጎናጸፈው ትልቁ ወንዱ ነው። መንጋው በመቶዎች ሊቆጠር ይችላል፣ ግን አስተውላችሁ ካያችሁት በትንንሽ ቤተሰብ የተከፋፈለ ነው፦ አንድ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶች፣ ግልገሎች። ለልጆቹ ሥራ ስጧቸው፦ አንዱ አንድ ቤተሰብ መርጦ ስንት እንደሆኑ ይቁጠር፣ ሌላው በእናታቸው ሆድ ላይ የተለጠፉትንና ጀርባ ላይ የታዘሉትን ግልገሎች ለይቶ ይቁጠር። ሆድ ላይ ያሉት ገና የተወለዱት፣ ጠቆር ያሉት ናቸው። ሥራ የተሰጠው ልጅ አንድ ሰዓት ይቀመጣል፤ ያልተሰጠው በአሥር ደቂቃ «እንሂድ» ይላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ እስከ አፍንጫው ሲያወጣው፣ ድዱና ጥርሱ ሁሉ ሲታይ፣ ልጅ «ሳቀ!» ይላል። አልሳቀም። ተጨንቋል ወይም እያስፈራራ ነው። ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይኑን ቆብ ካሳየም ያው ነው። ልጁ ጥርሱን አሳይቶ ቢመልስለት ጠብ እንደመጀመር ይቆጠራል። ዓይናችሁን ወደ ሣሩ መልሱ፣ ሳትሮጡ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። በእናትና በግልገል መካከልም አትግቡ፤ ግልገሉ እየተጫወተ ወደ እናንተ ሲመጣ የምትለቁት እናንተ ናችሁ።

ምግብ አትስጡ፣ አንዲት ዳቦም ብትሆን። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ የሚቀጥለውን ልጅ ቦርሳ ይቀማል፣ በመጨረሻም የሚጎዳው እሱ ራሱ ነው።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የትም የለም፤ ከወገኖቹም እሱ ብቻ ነው የቀረው። ይህን ለልጆቹ እዚያው ሣሩ ላይ ሳሉ ንገሯቸው፤ ዓይናቸው እያየው ሲነገራቸው ይገባቸዋል።

ገደሉ

ከእንስሳው ይልቅ የሚያሰጋው ገደሉ ነው። አፋፉ ላይ ሣር በቅሎበት ሜዳ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ደግሞ ጤዛው ያንሸራትታል። ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁሉ አንድ አዋቂ እጁን ይያዘው፤ ሦስት ትንንሽ ልጆች ካላችሁ ሦስተኛ አዋቂ ይዛችሁ ኑ፣ አክስትም አጎትም። ከጠርዙ አሥር እርምጃ መለስ ብሎ ያለ መሥመር ምረጡና «ከዚህ አይታለፍም» በሉ። ፎቶ ሲነሣ ጀርባ ወደ ገደሉ አይሰጥም፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ የሚባለው እዚያ ነው። ወደ ጅንባር ፏፏቴ ማያው የሚወስደው መንገድም በአፋፍ ላይ የሚሄድ ስለሆነ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፣ በበጋም ውኃው ይቀጥናል።

ምሳና ከፍታው

ከ5 ሰዓት በኋላ ወደ ሳንቃበር ውጡና እዚያ ምሳ ብሉ። ምግቡን አውጥታችሁ አትደርድሩ። እዚያ ያለው ነጭ ማጅራት ያለው ትልቅ ቁራ ዳቦ ከልጅ እጅ ይነጥቃል፤ እየቆረሳችሁ አድሉ፣ የተረፈውን ወዲያው ዝጉ። የብርቱካን ልጣጭም ቢሆን በፌስታል ወደ ደባርቅ ይመለሳል።

ራሴን አመመኝ የሚል ልጅ ካለ ምክንያቱን ለዩ። የመኪና ከሆነ ወርዶ በግማሽ ሰዓት ይሻለዋል። የከፍታው ከሆነ ተቀምጦም አይለቀውም፦ ራስ ምታቱ ይቀጥላል፣ ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሰዋል፣ ሁሌ የሚለፈልፈው ልጅ ዝም ይላል። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ሻይና ዕረፍት እየሞከራችሁ ጊዜ አትፍጁ፤ ወደ ደባርቅ ውረዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲወርድ ይሻለዋል። ካልተሻለው ወይም ትንፋሹ ካጠረው ሐኪም ይየው። ጉንፋን የያዘው ሕፃን፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ አይውጡ።

ጭላዳም ሆነ የመንደር ውሻ ልጅ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። አንድ ሙሉ ሳሙና ያዙ ያልነው ለዚህ ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፣ ክትባቱ የሚሠራው ቀድሞ ከተሰጠ ነው። «ትንሽ ጭረት ናት» አይባልም።

መመለሻ

ከቀኑ 8 ሰዓት ከሳንቃበር ተነሡ። ስትወርዱ መንጋው መንገድ ዳር ከተገኘ አሥር ደቂቃ ቁሙ፣ ግን ከመኪና አትውረዱ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሣል፣ ልጆቹም ደክመዋል፣ የደከመ ልጅ መመሪያ አይሰማም። ደባርቅ ላይ ስካውቱን አመስግናችሁ ሂሳቡን ክፈሉ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ሽንት ቤት ይገባ፣ ቀሪው ዳቦና ሻይ እዚያው ይለቅ።

ከዳባት በኋላ ልጆቹ ይተኛሉ። ጋቢውን አልብሷቸው፣ ራሳቸው መስኮቱን እንዳይመታ ሹራብ አጥፋችሁ ደግፉት፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቀስቅሳችሁ ውኃ አጠጧቸው። ጎንደር ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ትገባላችሁ።